አዲስ ለተገኘ የዓይነት 2 ስኳር ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት፦ የሜትፎርሚንና የግሊቤንክላማይድ ንጽጽር ከድሬዳዋ ነባራዊ ሁኔታ አንጻር

መግቢያ

የዓይነት 2 ስኳር ሕመም አዲስ የተገኘበት ሰው ከምርመራ ክፍል የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ነው። በማዘዣው ላይ የሚሰፍረው የመጀመሪያው መድኃኒት በቀጣዮቹ ዓመታት የሕመምተኛውን ክብደት፣ የደም ስኳሩ በድንገት የመውረድ ዕድሉን፣ የልቡንና የደም ሥሮቹን ጤንነት እንዲሁም ወርኃዊ ወጪውን ይነካል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ 1.9 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶች ከስኳር ሕመም ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህ የሚበዙት ዓይነት 2 ያለባቸው በመሆናቸው፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ምርጫ ለጥቂት ስፔሻሊስቶች የሚተው ጥያቄ አይደለም፤ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ዘወትር የሚወሰን ነው።

በኢትዮጵያ የሕክምና መመሪያ ሜትፎርሚን የመጀመሪያ ምርጫ ሲሆን፣ ግሊቤንክላማይድ የሚገኝበት የሰልፎኒልዩሪያ ቤተሰብ ደግሞ ሜትፎርሚን ለማይስማማቸው ወይም ብቻውን ለማይበቃቸው ሕሙማን የታሰበ ነው። በወረቀት ላይ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በተግባር ግን ሜትፎርሚን ከመደርደሪያ ሲጠፋ፣ ሕመምተኛው ሆዴን አወከኝ ብሎ ሲያቆመው ወይም የደም ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ሲገኝ ሁለተኛው መድኃኒት በቀላሉ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ መድኃኒቶች በሥራቸው፣ በውጤታቸውና በጉዳታቸው የሚለያዩበትን ነጥብ ያስረዳል፤ ቀጥሎም በድሬዳዋ ያለው የአየር ጠባይ፣ የጾም ሥርዓትና የአኗኗር ልማድ ለዚህ ንጽጽር የሚሰጠውን ክብደት ይመረምራል።

የሁለቱ መድኃኒቶች አሠራር

ሜትፎርሚን መነሻው በአውሮፓ ለባህላዊ ሕክምና ይውል ከነበረ ጋሌጋ ከሚባል ተክል ጋር ይያያዛል። ውሁዱ እ.ኤ.አ. በ1922 በቤተ ሙከራ ቢዘጋጅም ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን በስኳር ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያሳተመው በ1957 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ከዚያም ዘግይቶ በ1994 ነበር። መድኃኒቱ በዋናነት ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን የግሉኮስ መጠን ይቀንሳል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለውን ምላሽም ያሻሽላል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለማያስገድድ ብቻውን ሲወሰድ የደም ስኳርን ከጤናማው ወሰን በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ግሊቤንክላማይድ በ1960ዎቹ ለገበያ የቀረበ ሲሆን የሚሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው። በቆሽት ቤታ ሕዋሳት ላይ የሚገኙትን የፖታሲየም መተላለፊያዎች በመዝጋት ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ኢንሱሊኑ የሚለቀቀው ሰውየው በላም አልበላም መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ በጉበት ተብላልቶ የሚወጡት ተረፈ ምርቶቹ ራሳቸው የደም ስኳርን የማውረድ ኃይል አላቸው፤ የሚወገዱትም በከፊል በኩላሊት በኩል ነው። በመሆኑም ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ የአንድ ቀን ክኒን ውጤት እስከ ማግስቱ ሊዘልቅ ይችላል።

የደም ስኳርን በማውረድ አቅም ብቻ ሲመዘኑ ሁለቱ የሚቀራረቡ ናቸው። ሁለቱም የሦስት ወር ገደማ አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ መጠን ከ1 እስከ 1.5 ነጥብ ያህል ይቀንሳሉ። እንዲያውም ግሊቤንክላማይድ ውጤቱን ፈጥኖ ስለሚያሳይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሻለ መስሎ ይታያል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከወራትና ከዓመታት በኋላ ነው።

የረጅም ጊዜ ማስረጃው

የዛሬው የሕክምና መመሪያ መሠረት በአብዛኛው የእንግሊዝ የስኳር ሕመም ክትትል ጥናት (ዩኬፒዲኤስ) ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1991 አዲስ የታወቁ 5,102 ሕሙማንን በ23 ማዕከላት መዝግቦ ውጤቱን በ1998 አሳወቀ። በሰልፎኒልዩሪያ ወይም በኢንሱሊን ጥብቅ ሕክምና ያገኙት አማካይ የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ መጠናቸው 7.0 በመቶ ሲሆን፣ በዋናነት በአመጋገብ የታከሙት 7.9 በመቶ ነበር። ይህ ልዩነት በዓይን፣ በኩላሊትና በመሳሰሉት ላይ የሚደርሰውን የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ ግሊቤንክላማይድ ጥቅም የለውም ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም በጥብቅ ሕክምናው የድንገተኛ የልብ ሕመም ቅነሳ አሳማኝ የስታቲስቲክስ ወሰን ላይ አልደረሰም፤ ግሊቤንክላማይድ የወሰዱትም ከንጽጽር ቡድኑ ይልቅ በ1.7 ኪሎ ግራም ክብደት ጨምረው ተገኙ።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 342 ሕሙማን ሜትፎርሚን ወስደዋል። ከአመጋገብ ቡድኑ ጋር ሲነጻጸሩ ከስኳር ሕመም ጋር የተያያዘ ማንኛውም ጉዳት በ32 በመቶ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት የሚከሰት ሞት በ42 በመቶ፣ በማናቸውም ምክንያት የሚከሰት ሞት ደግሞ በ36 በመቶ ቀንሷል። ጥናቱ ካበቃ በኋላ ለ10 ዓመት በተደረገው ክትትል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደታተመው፣ የሜትፎርሚን ቡድን የሞት ቅነሳ በ27 በመቶ ጸንቶ ቆይቷል። ሜትፎርሚን በዓለም ዙሪያ ቀዳሚውን ስፍራ ያገኘው በዋናነት በእነዚህ 342 ሰዎች ውጤት ላይ ተመሥርቶ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ቁጥሩ ትልቅ አይደለም፤ ተሳታፊዎቹም ወፍራሞች ነበሩ።

ሁለቱን መድኃኒቶች ፊት ለፊት ያነጻጸረው ሌላው ዋና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው አዶፕት ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ፣ በቅርቡ የታወቀ ዓይነት 2 ያለባቸው 4,360 ሰዎች ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ሮሲግሊታዞን እንዲወስዱ በዕጣ ተመደቡ። በጾም የሚለካው የደም ስኳር ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ መድኃኒቱ ብቻውን መሥራት እንዳቃተው ተቆጠረ። በ5 ዓመት ውስጥ ይህ የደረሰባቸው ሮሲግሊታዞን ከወሰዱት 15 በመቶ፣ ሜትፎርሚን ከወሰዱት 21 በመቶ፣ ግሊቤንክላማይድ ከወሰዱት ደግሞ 34 በመቶ ናቸው። ሮሲግሊታዞን በቁጥጥሩ ቢበልጥም ክብደት በመጨመሩ፣ በሴቶች ላይ የአጥንት ስብራት በማብዛቱና በልብ ላይ ባስነሣው ሥጋት ምክንያት ከውድድሩ ወጥቷል። የደም ስኳር ማነስ ምልክት ያስተዋሉት በግሊቤንክላማይድ ቡድን 38.7 በመቶ ሲሆኑ በሜትፎርሚን ቡድን 11.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአንጻሩ የሆድ መታወክ በሜትፎርሚን ቡድን 38.3 በመቶ፣ በግሊቤንክላማይድ ቡድን 21.9 በመቶ ላይ ታይቷል።

እነዚህ ቁጥሮች የምርጫውን ባሕርይ በግልጽ ያሳያሉ። የሜትፎርሚን ዋና ችግር ሕመምተኛውን የሚያስመርር እንጂ ብዙ ጊዜ ለሕይወቱ የሚያሰጋ አይደለም፤ መጠኑን ቀስ በቀስ በመጨመርም ይቃለላል። የግሊቤንክላማይድ ዋና ችግር ግን ብዙም ሳያስመርር ቆይቶ በአንዲት የተዘለለች ምግብ ምክንያት ሰውን ሊጥል የሚችል ነው።

ንጽጽሩ በድሬዳዋ ሲታይ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ በሃይማኖት ሲታዩ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት ሙስሊሞች ሲሆኑ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ቁጥር ከፍ ያለ ነው። ጫት መቃም የከተማዋ የከሰዓት በኋላ ሕይወት አካል ነው። እነዚህ ሦስት ጉዳዮች ማለትም ጾም፣ ጫትና ሙቀት በአውሮፓና በአሜሪካ ጥናቶች ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ በድሬዳዋ ግን የመድኃኒቱን ደኅንነት በቀጥታ ይወስናሉ።

በረመዳን ወር ጾመኛው ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ 13 ሰዓት ያህል ያለ ምግብና ያለ ውኃ ይቆያል። በ13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕሙማንን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኤፒዲያር ጥናት እንዳመለከተው፣ ዓይነት 2 ካለባቸው 79 በመቶዎቹ ከወሩ ቢያንስ 15 ቀን ይጾማሉ። በነዚሁ ሰዎች ላይ ከባድ የደም ስኳር ማነስ ከሌላው ጊዜ በ7.5 እጥፍ ጨምሮ ታይቷል። ጾም ከሃይማኖት የመጣ ግዴታ እንደመሆኑ ብዙዎች ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን ቢያውቁም ይጾማሉ። ስለዚህ ተገቢው የባለሙያ ጥያቄ «ይጾማሉ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሲጾሙ የሚወስዱት መድኃኒት የቱ ነው?» የሚልም ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ክኒኑን ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሁር በማዛወር ብዙ ሳይቸገር ሊጾም ይችላል። በሱሁር ሰዓት ግሊቤንክላማይድ የዋጠ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ላይ ኢንሱሊን እንዲለቀቅ አድርጓል። ሰልፎኒልዩሪያ የግድ ከሆነ የሱሁሩን መጠን መቀነስ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ወደ ኢፍጣር ማዛወርና ከተገኘ ግሊቤንክላማይድን በግሊክላዛይድ መተካት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የኦርቶዶክስ ጾም በመልኩ ይለያል። በ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም ብዙ ምእመናን እስከ ቅዳሴ መውጫ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ይቆያሉ፤ በጠዋት ግሊቤንክላማይድ ለሚወስዱት አደጋው ተመሳሳይ ነው። ከሜትፎርሚን ጋር የሚያያዝ ሌላ ነጥብም አለ። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ 12ን ወደ ሰውነት መግባት ይቀንሳል፤ ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ሰው ሁለቱ ምክንያቶች ተደራርበው ጉድለቱን ሊያፋጥኑበት ይችላሉ። የእግር መደንዘዝ የስኳር ሕመሙ ውጤት ብቻ ተደርጎ እንዳይታለፍ በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ የደም ማነስንና የቢ 12ን መጠን ማጤን ተገቢ ነው።

ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። የከሰዓት በኋላው በርጫ ሲራዘም እራት ይዘለላል ወይም እስከ ሌሊት ይዘገያል፤ ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ የደም ስኳርን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ የማታውን ግሊቤንክላማይድ ወስዶ እራት ያልበላ ሰው የስኳሩ መጠን የሚያሽቆለቁለው ተኝቶ ሳለ፣ አጠገቡ ያለ ሰውም ሳያስተውለው ይሆናል። ከዚህም በተጨማሪ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ትርታ መፍጠን የደም ስኳር ማነስ ዋና የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። በሙቀት ውስጥ ሲሸከም የዋለ ወይም ጫት የቃመ ሰው እነዚህኑ ምልክቶች ለሙቀቱ፣ ለድካሙ ወይም ለጫቱ ሊሰጣቸው ይችላል። በከፊራ ወይም በታይዋን ገበያ ዕቃ የሚያወርድ ሠራተኛ፣ ባለ ባጃጅ ወይም ረጅም መንገድ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ምልክቱን በጊዜ ሳይለይ ቢቀር አደጋው ለራሱ ብቻ የሚቀር አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት አቋምም ከዚህ ጋር ይስማማል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 አነስተኛ ሀብት ላላቸው አገሮች ባወጣው መመሪያ ሰልፎኒልዩሪያን ከሜትፎርሚን ቀጥሎ ያስቀመጠ ሲሆን፣ የደም ስኳር ማነስ ለሚያሰጋቸው ሰዎች፣ ማለትም ለሾፌሮች፣ ብቻቸውን ለሚኖሩና የመውደቅ አደጋ ላለባቸው፣ እንደ ግሊክላዛይድ ያለው የተሻለ የደኅንነት ታሪክ ያለው ዓይነት እንዲመረጥ መክሯል። በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩም ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ አስፍሯል።

ቀጭኑ ሕመምተኛና የሜትፎርሚን ወሰን

ሜትፎርሚን በሁሉም ላይ ቀዳሚ ነው የሚለው ድምዳሜ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ይኸውም ሕመሙ በእርግጥ ዓይነት 2 መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የስኳር ሕመም የሚገኝበት ሰው ሁሉ ወፍራም አይደለም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ በገጠር ነዋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቀጭን፣ ወጣትና ድኻ የሆኑ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በርካታ መሆናቸውን ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ዓይነት 5 በሚል ስም ለይቶ እውቅና መስጠቱ ይህን የቆየ ክርክር እንደገና አንሥቶታል።

ስለዚህ በአጭር ጊዜ ብዙ ክብደት የቀነሰ፣ ውኃ ጥምና ሽንት የበዛበት፣ የደም ስኳሩ ከ300 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያለፈ ወይም በሽንቱ ኪቶን የተገኘበት ሰው በክኒን ሊጀመር አይገባውም። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ቢያንስ በመጀመሪያ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። ለኢንሱሊን የድሬዳዋ ሙቀት የራሱ ፈተና አለው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እርጥብ አሸዋ በተሞላ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በሌላ ሸክላ አድርጎ ማስቀመጥ ሙቀቱን የሚያረግብ አማራጭ ነው።

ሌላው ወሰን ኩላሊት ነው። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ሲወርድ ሜትፎርሚን ይከለከላል፤ ከ30 እስከ 45 ባለው ደግሞ አዲስ አይጀመርም፤ ቀድሞ የጀመረም መጠኑ ይቀነስለታል። ክሬያቲኒን ሳይለካ ሜትፎርሚንን መጀመርም ሆነ በፍርሃት መከልከል ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ኩላሊቱ የደከመን ሰው ከሜትፎርሚን አውጥቶ ወደ ግሊቤንክላማይድ ማዛወር ደግሞ ከላይ በተገለጸው ምክንያት አደጋውን ከአንድ ክኒን ወደ ሌላው ማሸጋገር እንጂ መፍትሔ አይደለም።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች

ባለፉት ዓመታት ንጽጽሩን ያሰፉ ግኝቶች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢምፓግሊፍሎዚን ጥናት የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው 7,020 የዓይነት 2 ሕሙማን ላይ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚደርሰውን ሞት በ38 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከዚህ በመነሣት የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ማኅበራት በ2022 ባወጡት የጋራ ሰነድ የልብ ድካም፣ የደም ሥር ጥበት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ሜትፎርሚንን ሳይጠብቅ እንዲታሰብ መክረዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በሌላ በኩል በ2019 የታተመው ቬሪፋይ ጥናት ከሜትፎርሚን ጋር ቪልዳግሊፕቲንን ከመጀመሪያው አንሥቶ መስጠት ሕክምናው የሚከሽፍበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ በ2,001 አዲስ ሕሙማን ላይ አሳይቷል፤ በ5 ዓመት ውስጥ የከሸፈባቸው 43.6 በመቶ ሲሆኑ በሜትፎርሚን ብቻ ከጀመሩት ግን 62.1 በመቶ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ግሉኮስን ከውኃ ጋር በሽንት የሚያስወጡ በመሆናቸው በሙቀት ውስጥ ያለ ውኃ ለሚጾም ሰው የሰውነት ፈሳሽ መጓደልን ሊያመጡ ይችላሉ። ኢንሱሊን በሚጎድለው ቀጭን ሕመምተኛ ላይ ደግሞ የደም ስኳሩ እምብዛም ሳይጨምር በኪቶን መመረዝ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በመሆኑም በድሬዳዋ ጥቅማቸው ጎልቶ የሚታየው የልብ ወይም የኩላሊት ሕመሙ በምርመራ በተረጋገጠ፣ የሕመሙ ዓይነት በውል በተለየና ክትትል በማይቋረጥበት ሰው ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ንጽጽር ሜትፎርሚን አዲስ ለተገኘ ዓይነት 2 ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ እንዲቀጥል ይደግፋል፤ ምክንያቱ ግን በአውሮፓ ከሚሰጠው ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። በወፍራሞች ላይ የተገኘው የሞት ቅነሳ ለቀጭን ሕመምተኛ በቀጥታ አይተላለፍም። በድሬዳዋ የሜትፎርሚን ትልቁ ብልጫ የምግብ ሰዓቱ በጾም፣ በጫትና በሥራ ለሚለዋወጥ ሰው የማያሰጋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው በሆድ መታወክ ምክንያት እንዳያቆመው በ500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ጀምሮ በየሳምንቱ እየጨመሩ እንደ አስፈላጊነቱ እስከ 2,000 ሚሊግራም ማድረስና ምቾት ማጣቱ በአብዛኛው ጊዜያዊ መሆኑን አስቀድሞ መንገር የሕክምናው ዋና አካል ነው።

ግሊቤንክላማይድ በዋጋውና በተዳራሽነቱ የሚተው መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን ከመታዘዙ በፊት አራት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ ይገባል፦ ሕመምተኛው ዕድሜው ስንት ነው? ኩላሊቱ ተለክቷል? ይጾማል ወይም ጫት ይቅማል? ሥራውስ ራሱን ቢስት ራሱንም ሆነ ሌላውን የሚጎዳበት ነው? ከአራቱ በአንዱ እንኳ ሥጋት ካለ፣ ግሊክላዛይድ ከሜትፎርሚን ቀጥሎ እንዲቀርብ ማድረግ ለአቅርቦት ኃላፊዎች የሚገባ ጥያቄ ነው።

ለምርምር ደግሞ ሁለት መስኮች ቅድሚያ ይሻሉ። የመጀመሪያው በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች እንዲሁም በከተማዋ ጤና ጣቢያዎች በሚደረግ ክትትል፣ በረመዳንና በዐቢይ ጾም ወቅት የሚከሰተውን የደም ስኳር ማነስ በመድኃኒት ዓይነት ለይቶ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው አዲስ ሕሙማንን በክብደታቸው ከፍሎ ሜትፎርሚን በቀጭኖች ላይ የሚያስገኘውን ውጤት ለዓመታት መከታተል ነው። ሁለቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በተመላላሽ ሕክምና ካርድ ላይ የምግብ ሰዓትን፣ ክብደትንና የደም ስኳር ማነስ ምልክትን በየቀጠሮው መጻፍን ነው።